ብረት ሲደክም፦ የቅይጥ ቅንብርና የብረት መስተዋቶች ዕድሜ

ቀጭን ሽቦ በእጃችን ይዘን አንድ ጊዜ ብናጥፈው አይሰበርም። መልሰን ብናቀናውም አይሰበርም። ወዲያና ወዲህ እያጠፍን ደጋግመን ብናመላልሰው ግን ጥቂት ቆይቶ እጥፉ ላይ ለሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ እጥፋት ለብቻው ሲታይ ሽቦውን የመስበር ዐቅም አልነበረውም፤ የሰበረው ድግግሞሹ ነው። ጠብታ ውኃ ሲደጋገም ድንጋይ ይበሳል እንደሚባለው ሁሉ፣ አነስተኛ ኀይልም ሲመላለስ ጠንካራውን ብረት ይሰብራል። የቁስ ሳይንስ ባለሙያዎች ይህን ክስተት “የብረት ድካም” ይሉታል።

ድካም የሽቦ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1842 በፈረንሳይ፣ ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሲጓዝ የነበረ ባቡር የአንዱ ሎኮሞቲቭ አክስል በመሰበሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ50 በላይ መንገደኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በ1954 ደግሞ “ኮሜት” የተባሉ ሁለት የብሪታንያ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በአየር ላይ እንዳሉ ተበታትነው ባሕር ውስጥ ወድቀዋል፤ ምርመራው የደረሰበት መደምደሚያ የአውሮፕላኖቹ አካል ደክሞ መሰንጠቁን የሚያመለክት ነበር። አክስሉም ሆነ የአውሮፕላኑ አካል በአንድ ጊዜ ከዐቅሙ በላይ ስለ ተጫነ አልተሰበረም፤ በየዕለቱ ያለ ችግር ይሸከመው የነበረው ጭነት ተደጋግሞ ሰበረው እንጂ።

ታዲያ እጅግ ጠንካራ የሆነ አዲስ ቁስ ቢገኝ ድካምንም በዚያው ልክ ይቋቋማል ማለት ነውን? ከ1990ዎቹ ወዲህ “የብረት መስተዋት” በተባለው የቁስ ዓይነት ላይ የተደረገው ምርምር ለዚህ ጥያቄ ያልተጠበቀ ምላሽ ሰጥቷል። በዚህ ጽሑፍ፣ የብረት መስተዋት ምን እንደ ሆነ፣ ለምን በቀላሉ እንደሚደክምና የተሠራባቸውን ንጥረ ነገሮች ድርሻ በመለወጥ ይህን ድክመት ማረም እንዴት እንደ ተቻለ እንመለከታለን። “ብረት” ስንል አይረንን ብቻ ሳይሆን የሜታል ወገን የሆኑትን ሁሉ ማለታችን ነው። ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የድካም ወሰን

ድካምን በሥርዓት ካጠኑት ሰዎች መካከል ቀዳሚው ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ናቸው። ቮለር በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ የባቡር አክስሎችን ናሙና በመሣሪያ እያሽከረከሩ፣ ናሙናው በየትኛው ውጥረት ከስንት ዙር በኋላ እንደሚሰበር መዘገቡ። ውጥረት ማለት ኀይል ለተሸከመው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው መጠን ሲሆን፣ የሚለካውም በሜጋፓስካል ነው። ቮለር ያገኙት ውጤት እስከ ዛሬ የምሕንድስና መሠረት ሆኖ ያገለግላል፦ ውጥረቱ ሲቀንስ ናሙናው የሚችለው የዙር ብዛት ይጨምራል፤ ከአንድ ወሰን በታች ሲሆን ደግሞ ብዙ የብረት ዓይነቶች በሚሊዮን የሚቆጠር ዙር ቢደጋገምባቸውም አይሰበሩም። ይህ የውጥረት መጠን “የድካም ወሰን” ይባላል።

በቤተ ሙከራ የተለመደው መለኪያ 10 ሚሊዮን ዙር ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ 10 ሚሊዮን ምት የሚሞላው በ100 ቀናት ያህል ነው። በሰከንድ 10 ጊዜ የሚያመላልስ የሙከራ መሣሪያም አንድ ናሙና ለመጨረስ ወደ 12 ቀናት ይፈጅበታል። ለአንድ ቅይጥ የተሟላ ውጤት ለማግኘት ብዙ ናሙናዎች ስለሚያስፈልጉ የድካም ጥናት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ለአብዛኞቹ የብረት ዓይነቶች የሚያገለግል አንድ ግምታዊ ሕግ አለ። የአረብ ብረት የድካም ወሰን በአንድ ጊዜ ጭነት ሊበጥሰው ከሚችለው ውጥረት እስከ ግማሽ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ስሌት፣ የቁሱ ጥንካሬ በእጥፍ ቢያድግ የድካም ወሰኑም በእጥፍ ያድጋል ብለን እንጠብቃለን። የብረት መስተዋት ግን ይህን ግምት አልተከተለም።

መስተዋት የሆነ ብረት

በተለመደው ብረት ውስጥ አቶሞች እንደ ሰልፈኛ ወታደር በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ናቸው። ይህ አደራደር ክሪስታል ይባላል። ብረት ሲቀልጥ ሰልፉ ይበተናል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አቶሞቹ ወደ ሰልፋቸው ይመለሳሉ። የቀለጠው ብረት አቶሞቹ ለመሰለፍ ጊዜ እስከማያገኙ ድረስ በፍጥነት ቢቀዘቅዝ ግን የፈሳሹ ሥርዓተ አልባ አቀማመጥ እንዳለ ይደርቃል። የዚህ ዓይነቱ ጠጣር ነገር መስተዋት ይባላል፤ ስለዚህ መስተዋት መሆን የመስኮት መስተዋት ብቻ ባሕርይ አይደለም። በስምጥ ሸለቆአችን በብዛት የሚገኘውና በመልካ ቁንጡሬ ጥንታውያን ሰዎች መሣሪያ የሠሩበት ባልጩትም፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅላጭ ክሪስታል ሳይሠራ በመድረቁ የተፈጠረ የተፈጥሮ መስተዋት ነው።

ብረትን መስተዋት ማድረግ ከድንጋይ ይልቅ እጅግ ያስቸግራል፤ የብረት አቶሞች ለመሰለፍ ይቸኩላሉና። በ1960 በአሜሪካ የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ፖል ዱዌዝና ሁለት ባልደረቦቻቸው የወርቅና የሲሊከን ቅይጥ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ያህል በሚደርስ ፍጥነት አቀዝቅዘው የመጀመሪያውን የብረት መስተዋት አገኙ። የተገኘው ግን እጅግ ስስ የሆነ ቅጠል ነበር፤ ወፍራም ቢሆን ኖሮ መካከሉ በፍጥነት ስለማይቀዘቅዝ ክሪስታል ይሠራ ነበር።

ከዚህ ችግር መውጫው የተገኘው ከቅይጡ ቅንብር ነው። በጃፓን የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲው አኪሂሳ ኢኖዌ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሠሯቸው ሥራዎች ሦስት መመሪያዎችን አስቀመጡ። ቅይጡ ቢያንስ ሦስት ንጥረ ነገሮች ይኑሩት፤ የዋና ዋናዎቹ አቶሞች መጠን ከ12 በመቶ በላይ ይለያይ፤ ንጥረ ነገሮቹም ሲደባለቁ ሙቀት የሚያወጡ፣ ማለትም እርስ በርስ የሚሳሳቡ ይሁኑ። በመጠን የተለያዩና የሚሳሳቡ አቶሞች ጥቅጥቅ ብለው ይታሸጋሉ፤ ሰልፍ ለመሥራት ግን ይቸገራሉ።

በ1993 የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረቦች አታካን ፔከርና ዊልያም ጆንሰን ዝነኛውን ቪትሬሎይ 1 ይፋ አደረጉ። ከእያንዳንዱ መቶ አቶም ውስጥ 41.2 ዚርኮኒየም፣ 13.8 ቲታኒየም፣ 12.5 መዳብ፣ 10 ኒኬል፣ 22.5 ደግሞ ቤሪሊየም ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ድርሻ በመቶኛ ስንጠቅስ እንዲሁ በአቶም ብዛት እንጂ በክብደት አይደለም። ይህ ቅይጥ በሰከንድ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢቀዘቅዝ እንኳን መስተዋት ስለሚሆን፣ በሴንቲ ሜትር የሚለካ ውፍረት ያለው ዕቃ ማውጣት ተቻለ። ጥንካሬው 1,900 ሜጋፓስካል ገደማ ነው፤ ለግንባታ ከሚውለው ተራ አረብ ብረት ከአራት እጥፍ በላይ፣ ለአውሮፕላን ክፍሎች ከሚውለው የቲታኒየም ቅይጥ ደግሞ ሁለት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ሳይጎብጥ 2 በመቶ ያህል ተለጥጦ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ለስፕሪንግ፣ ለጥርስ ጎማና በሰውነት ውስጥ ለሚተከሉ ክፍሎች ከዚህ የተሻለ ዕጩ የሌለ ይመስል ነበር።

የ4 በመቶው እንቆቅልሽ

በ1990ዎቹ መጨረሻ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ሪቺና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከጆንሰን ጋር በመተባበር የቪትሬሎይ 1 ዘንጎችን ደጋግመው በማጉበጥ የድካም ወሰኑን ለኩ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። ውጥረቱ ከአማካይ መጠኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝበት ስፋት ከቁሱ ጥንካሬ 4 በመቶ፣ ይኸውም 76 ሜጋፓስካል ገደማ ሲደርስ ናሙናዎቹ ይደክሙ ጀመር። ከአራት እጥፍ በላይ ደካማ የሆነው ተራ የግንባታ ብረት እንኳን ከዚህ የሚበልጥ ተመላላሽ ውጥረት ይችላል።

ነገሩን ይበልጥ እንግዳ ያደረገው ሌላ ግኝት ነበር። ተመራማሪዎቹ አስቀድሞ በናሙናው ላይ ረዘም ያለ ስንጥቅ አዘጋጅተው ስንጥቁ በየዙሩ ምን ያህል እንደሚያድግ ሲለኩ፣ ፍጥነቱ በአረብ ብረትና በአሉሚኒየም ቅይጦች ላይ ከሚታየው እምብዛም የማይለይ ሆኖ አገኙት። ረዥሙ ስንጥቅ ከሌሎች ብረቶች በተለየ ፍጥነት ካላደገ፣ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። በብረት መስተዋት ውስጥ ስንጥቅ እጅግ በቀላሉ ይወለዳል፤ ገና በጨቅላነቱም የሚገታው ነገር አያገኝም።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ አቶሞች ሰልፍ እንመለስ። ክሪስታል ያለው ብረት ሲጎብጥ ዲስሎኬሽን የተባሉ የሰልፍ ጉድለቶች በውስጡ ይጓዛሉ። ጉድለቶቹ ሲበዙ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ስለዚህ የጎበጠው ክፍል ይጠነክርና መጉበጡ ወደ ሌላ ቦታ ይዛመታል። ከዚህም ሌላ ብረቱ በብዙ ጥቃቅን የክሪስታል ቅንጣቶች የተገነባ በመሆኑ፣ ጨቅላ ስንጥቅ ሲጓዝ የቅንጣቶች ድንበር ላይ ይደርስና ይቆማል ወይም አቅጣጫውን ይቀይራል። የሠፈር አጥር ሌባን እንደሚያዘገይ ሁሉ ድንበሮቹም ስንጥቁን ያዘገዩታል።

በመስተዋቱ ውስጥ ግን ሰልፍ ስለሌለ ዲስሎኬሽን የለም፤ ቅንጣት ስለሌለም ድንበር የለም። በቂ ውጥረት ሲያርፍበት ጥቂት ደርዘን አቶሞች በአንድነት ቦታ ይለዋወጣሉ። የተንሸራተተው ቦታ ይበልጥ ይላላል እንጂ አይጠነክርም፤ ስለዚህ ቀጣዩ መንሸራተትም እዚያው ላይ ይሆናል። በዚህ መንገድ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ናኖ ሜትር ገደማ በሆነ ስስ መስመር ላይ መላው ቅርጽ ለውጥ ይከማቻል። ይህን “የሸርተቴ መስመር” ብለን እንጠራዋለን። ጥንካሬን ያስገኘው የዲስሎኬሽንና የድንበር አለመኖር፣ ድካምን ለመቋቋም የሚያስፈልገውን አጥርም አብሮ አጥፍቶታል። አንዱ የሸርተቴ መስመር የናሙናው ገጽ ላይ ብቅ ሲል በየዙሩ እየተከፈተ ወደ ስንጥቅነት ይለወጣል።

ስንለካ መጠንቀቅ

የቅንብርን ተፅዕኖ ከማየታችን በፊት ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ የልኬት ጉዳይ አለ። በአሜሪካ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የፒተር ሊያው ቡድን ያንኑ ቪትሬሎይ 1 በማጉበጥ ሳይሆን በመሳብ ፈትኖ በሁለት የናሙና ምድቦች 567 እና 615 ሜጋፓስካል አግኝቷል። በአንዱ ቤተ ሙከራ 76፣ በሌላው ከ560 በላይ መሆኑን ስናይ አንደኛው ተሳስቷል ለማለት ልንቸኩል እንችላለን።

ከልዩነቱ የተወሰነው የአገላለጽ ነው። የቴነሲው ቁጥር በከፍተኛውና በዝቅተኛው ውጥረት መካከል ያለው ሙሉ ርቀት ሲሆን፣ የበርክሌዩ ደግሞ የርቀቱ ግማሽ ነው። የቴነሲውን ለሁለት ብናካፍል 284 እና 308 ገደማ እናገኛለን፤ ይህም ከጥንካሬው 15 እና 16 በመቶ ያህል ነው። ቢሆንም የአራት እጥፍ ያህል ልዩነት ይቀራል። ለዚህም የናሙናው ቅርጽና መጠን፣ የአጫጫኑ ዓይነት፣ የገጹ ልስላሴ፣ ቁሱ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የቀረው ውጥረትና የአቀላለጡ ጥራት ሁሉ አስተዋጽኦ አላቸው። ስለሆነም ሁለት ቅይጦችን በትክክል ማነጻጸር የሚቻለው በአንድ ዓይነት ናሙና፣ በአንድ ዓይነት አጫጫን የተገኙ ቁጥሮችን ስንይዝ ነው።

ሦስት በመቶ ፓላዲየም

ይህን ጥንቃቄ ከያዝን የቴነሲው ቡድን በ2004 ያሳተመው ሌላ ውጤት ትርጉሙ ይጎላል። ቡድኑ በሦስት የተለያዩ ቅይጦች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አካሄደ። ሁሉም 50 በመቶ ዚርኮኒየምና 10 በመቶ አሉሚኒየም አላቸው፤ የሚለያዩት በቀሪው 40 በመቶ ብቻ ነው። ቀሪው በሙሉ መዳብ ሲሆን የድካም ወሰኑ በሙሉ ርቀት 752 ሜጋፓስካል ሆነ። ከመዳቡ 10 በመቶው በኒኬል ሲተካ ወደ 865 ከፍ አለ። ከመዳቡ 3 በመቶው ብቻ በፓላዲየም ሲተካ ደግሞ 983 ደረሰ።

የሦስቱ ቅይጦች የአንድ ጊዜ ጥንካሬ ተቀራራቢ ነው፤ ከ1,800 እስከ 1,900 ሜጋፓስካል አካባቢ ይገኛል። የድካም ወሰናቸው ግን በ30 በመቶ ያህል ይለያያል። ከመቶ አቶም ሦስቱን ብቻ በመለወጥ ጥንካሬው ሳይነካ ድካምን የመቋቋም ዐቅም ሊሻሻል ከቻለ፣ ጥንካሬና የድካም ጥንካሬ አንድ ነገር አይደሉም ማለት ነው። ሁለቱን የሚወስኑት የተለያዩ ምክንያቶች ናቸው።

ተመራማሪዎቹ የተሰበሩትን ናሙናዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ስንጥቆቹ የጀመሩት ከሸርተቴ መስመሮች ብቻ ሳይሆን ቅይጡ በሚፈስበት ጊዜ ከቀሩ የአየር ቀዳዳዎችና ባዕድ ቅንጣቶችም ጭምር መሆኑን አዩ። በዚህም የተነሣ የቅንብር ተፅዕኖ በሁለት መንገድ ይገለጣል። አንደኛው አቶሞቹ እንዴት እንደሚታሸጉና እንደሚንሸራተቱ መወሰን ነው። ሁለተኛው ቅይጡ ያለ እንከን መስተዋት የመሆን ዐቅሙ ነው። ለምሳሌ ዚርኮኒየም ኦክስጅንን አጥብቆ ይስባል፤ ጥቂት ኦክስጅን ሲገባበት ደግሞ ጥቃቅን ክሪስታሎች በመስተዋቱ መካከል ይበቅላሉ። ስለዚህ በቅይጡ የምግብ አሠራር ዝርዝር ውስጥ ያልተጻፈው ኦክስጅንም የቅንብሩ አካል ነው፤ አንጥረኛው ባይፈልገውም ይገኛል።

መንሸራተት ወይስ መሰንጠቅ

ሦስት በመቶ ይህን ያህል ለውጥ ካመጣ የቅይጡን መሠረት መለወጥ ምን ያደርግ ይሆን? ለዚህ ጥያቄ መንገድ የሚያሳይ አንድ ቀላል ቁጥር አለ፤ የፑዋሶን ውድር ይባላል። አንድን ዘንግ ስንስበው ይረዝማል፤ ጎኑ ደግሞ ይቀጥናል። የመቅጠኑ መጠን ለመርዘሙ መጠን ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የፑዋሶን ውድር ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ቁስ ቅርጹን በቀላሉ ይለውጣል፤ ይዘቱን እንዲያሰፋ፣ ማለትም አቶሞቹ እንዲራራቁ ግን አይፈቅድም። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቁስ በተቃራኒው ከመንሸራተት ይልቅ መከፈት ይቀለዋል።

በ2005 ጆን ለዋንዶውስኪ፣ ዌይ ኋ ዋንግና ሊንዚ ግሪር የብዙ የብረት መስተዋቶችን መረጃ ሰብስበው ሲያነጻጽሩ ግልጽ መስመር አገኙ። የፑዋሶን ውድራቸው ከ0.31 እስከ 0.32 ከሚሆነው ወሰን በታች የሆኑት እንደ መስኮት መስተዋት ተሰባሪ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያሉት ስንጥቅን ይቋቋማሉ። በማግኒዚየምና በአይረን ላይ የተመሠረቱ ብዙ መስተዋቶች ወደ ወሰኑ ወይም ወደ ታች ያዘነብላሉ። ቪትሬሎይ 1 ወደ 0.35 ይጠጋል። በፓላዲየምና በፕላቲኒየም ላይ የተመሠረቱት ግን እስከ 0.42 ይደርሳሉ፤ ይህም ከንጹሕ ወርቅ ጋር የሚስተካከል ነው።

በዚህ መንገድ በመመራት የማርዮስ ዴሜትሪዩ፣ የጆንሰንና የሪቺ ቡድን በ2011 አዲስ መስተዋት ይፋ አደረገ። 79 በመቶ ፓላዲየም፣ 3.5 በመቶ ብር፣ 6 በመቶ ፎስፎረስ፣ 9.5 በመቶ ሲሊከን እንዲሁም 2 በመቶ ጀርማኒየም ይዟል። ስንጥቅን የመቋቋም ዐቅሙ ከምርጥ አረብ ብረቶች ተርታ የሚያሰልፈው ነበር። በ2013 በርንድ ግሉዶቫትዝና ባልደረቦቻቸው የዚሁ መስተዋት የድካም ወሰን ከጥንካሬው 24 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳተሙ። በዚያው የበርክሌይ ቡድን ዘዴ ቪትሬሎይ 1 ካገኘው 4 በመቶ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ነው።

የተሰበረው ናሙና ገጽ ምክንያቱን ያሳያል። በፓላዲየሙ መስተዋት ውስጥ መንሸራተት ቀላል፣ መከፈት ደግሞ አስቸጋሪ ስለሆነ በስንጥቁ ጫፍ ላይ አንድ ሳይሆን ብዙ የሸርተቴ መስመሮች በአንድ ጊዜ ይፈጠራሉ። ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ከመሮጥ ይልቅ አንዱን መስመር ተከትሎ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ከዚያ ይቆምና ወደ ሌላው ይሻገራል። መንገዱ እንደ ደረጃ ይሰባበራል። እያንዳንዱ ደረጃ ጥቂት እፎይታ ነው፤ የእፎይታዎቹ ድምር ደግሞ የናሙናውን ዕድሜ ያስረዝማል። ድንበር ያልነበረው መስተዋት በራሱ የሸርተቴ መስመሮች አማካይነት አጥር የሠራ ያህል ሆነ።

አጥሩን ከውጭ ማምጣት

ሁለተኛው መፍትሔ ከዚህ የተለየ ነው፦ መስተዋቱ የራሱን አጥር መሥራት ካልቻለ በውስጡ ክሪስታል መትከል ይቻላል። ይህም የሚደረገው በቅንብር ነው። ለቅይጡ ኒኦቢየም ሲጨመርለትና የቲታኒየሙ ድርሻ ከፍ ሲል፣ ቅላጩ ሙሉ በሙሉ ከመድረቁ በፊት በቲታኒየም፣ በዚርኮኒየምና በኒኦቢየም የበለጸጉ ለስላሳ ክሪስታሎች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተዘረጉ ያድጋሉ። መዳቡና ቤሪሊየሙ በቀሪው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚከማቹ ፈሳሹ በቅርንጫፎቹ መካከል መስተዋት ሆኖ ይደርቃል።

ሐሳቡ ቀደም ሲልም ተሞክሮ ነበር፤ ሆኖም የድካም ወሰኑ በሚፈለገው መጠን አልጨመረም። ማክሲሚልየን ላውኔይ፣ ዳግላስ ሆፍማን፣ ጆንሰንና ሪቺ በ2009 ባሳተሙት ሥራ ቁልፉ የቅርንጫፎቹ ርቀት መሆኑን አሳዩ። አንድ የሸርተቴ መስመር አደገኛ ስንጥቅ ለመሆን የተወሰነ ርዝመት ያስፈልገዋል። በቅርንጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከዚያ ርዝመት ካነሰ መስመሩ ገና ጉዳት ሳያደርስ ከለስላሳው ክሪስታል ጋር ይጋጫል። ቡድኑ 39.6 በመቶ ዚርኮኒየም፣ 33.9 ቲታኒየም፣ 7.6 ኒኦቢየም፣ 6.4 መዳብና 12.5 ቤሪሊየም የያዘውን ቅይጥ ከፊል ቀልጦ ባለበት ሙቀት አቆይቶ ክፍተቱን ወደ 2 ማይክሮ ሜትር አወረደው። የድካም ወሰኑም ከጥንካሬው 30 በመቶ ገደማ ደረሰ።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተገቢ ነው። የዚህ ጥምር ቁስ ጥንካሬ 1,200 ሜጋፓስካል ገደማ ነው፤ ከቪትሬሎይ 1 አንድ ሦስተኛ በላይ ያንሳል። የሚችለው ተመላላሽ ውጥረት ግን 360 ሜጋፓስካል ገደማ ነው፤ ከቪትሬሎይ 1 የ76 ሜጋፓስካል ውጤት ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ደካማው ቁስ ከጠንካራው ይልቅ ብዙ ዘመን አገለገለ ማለት ነው።

ምርጫው የሚያስከፍለው ዋጋ

ታዲያ ሁሉም ዕቃ ከፓላዲየም መስተዋት ለምን አይሠራም? መልሱ ቅንብር ከድካም በቀር ሌሎች ጌቶችም ያሉት በመሆኑ ነው። ፓላዲየም ከከበሩ ማዕድናት አንዱ ነው፤ ከአምስት አቶም አራቱ ፓላዲየም የሆነ ስፕሪንግ ለጭነት መኪና አይታሰብም። ቤሪሊየም መስተዋት የመሆንን ዐቅም በእጅጉ ያሳድጋል፤ ብናኙ ግን ሳንባን የሚጎዳ ከባድ በሽታ ያመጣል። ኒኬል በብዙ ሰዎች ላይ አለርጂ ስለሚያስከትል በሰውነት ውስጥ ለሚተከል ዕቃ አይመረጥም። ኒኦቢየም ድርሻው ሲበዛ የመስተዋቱን ድርሻ ይቀንሳል። አንዱን ንጥረ ነገር ከፍ ማድረግ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ስለሆነ እያንዳንዱ ቅይጥ የስምምነት ውጤት ነው።

የብረት መስተዋት እስካሁን በሰፊው አገልግሎት ላይ የዋለባቸውን ቦታዎች ስናይም ይህንኑ እንረዳለን። ትልቁ ገበያ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር እምብርት ነው፤ የአይረን፣ የሲሊከንና የቦሮን መስተዋት ጥብጣብ ትራንስፎርመሩ ያለ ሥራ በሚቆምበት ጊዜ የሚባክነውን ኀይል በእጅጉ ይቀንሳል። እዚያ ዋናው ጉዳይ የማግኔት ባሕርይ እንጂ ድካም አይደለም። በ2001 የተላከችው የናሳ “ጄኔሲስ” መንኵራኵር ከፀሐይ የሚመጡ ቅንጣቶችን ለመያዝ ከተጠቀመችባቸው ሰሌዳዎች መካከል አንዱ ከብረት መስተዋት የተሠራ ነበር፤ እርሱም ጭነት አይመላለስበትም። ተመላላሽ ጭነት ወዳለበት ሥራ፣ ለምሳሌ ወደ ጥርስ ጎማና ወደ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ለመሸጋገር የድካም ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል። የዳሌ መገጣጠሚያ በተለመደው ግምት በዓመት አንድ ሚሊዮን ያህል ርምጃ ይሸከማል፤ ለሃያ ዓመት ይቆያል ከተባለ ሃያ ሚሊዮን ዙር ነው። ጥንካሬው 1,900 ሜጋፓስካል ነው ማለት ብቻውን ለታካሚው ዋስትና አይሆነውም።

ለማጠቃለል ያህል አንድ ጥያቄ ለአንባብያን እንተው። ውጥረቱ ወደ ላይና ወደ ታች በ200 ሜጋፓስካል የሚወዛወዝበት ስፕሪንግ እንድንሠራ ታዘዝን እንበል። በበርክሌዩ ልኬት መሠረት ቪትሬሎይ 1 ይሰበራል፤ በቴነሲው ልኬት መሠረት ግን ይችላል። ፓላዲየም የተጨመረበት የዚርኮኒየም ቅይጥም ሆነ ቅርንጫፋማ ክሪስታል ያለው ጥምር ቁስ በተለኩበት ሁኔታ በቂ ሆነው ይታያሉ። ከእነዚህ አንዱን ከመምረጣችን በፊት ስፕሪንጉ ይሳባል ወይስ ይጎብጣል፣ ገጹ ምን ያህል ለስላሳ ነው፣ ቅይጡ የቀለጠበት ቦታ ምን ያህል ከኦክስጅን የጸዳ ነው፣ ቢሰበርስ ማን ይጎዳል ብለን መጠየቅ ይገባናል። ከዚያም በኋላ የራሳችንን ስፕሪንግ በመሣሪያው ላይ አስረን ዐሥር ሚሊዮን ዙር እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ይለናል። የቅይጡ ቀመር ተስፋ ይሰጣል፤ ተስፋው እውን መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን ያ የዐሥራ ሁለት ቀን ቆጠራ ነው።